ንጉሥ ኢዛናና የአክሱም ኪነ ሕንጻ፦ የእምነት ለውጥና የግንባታ ቀጣይነት

መግቢያ

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱምን የገዛው ንጉሥ ኢዛና በኢትዮጵያ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ነገሥታት አንዱ ነው። ክርስትናን ተቀብሎ የመንግሥቱ እምነት አድርጓል፤ በድንጋይ ላይ ያስቀረጻቸው ጽሑፎች ለግእዝ ቋንቋ ታሪክ ዋና ምስክሮች ናቸው፤ መስቀል ያለበት ገንዘብ ካሠሩ የዓለም ነገሥታትም ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራል። ከዚህ በተጨማሪ ስሙ ከአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከሦስቱ ግዙፍ ሐውልቶች መካከል ሳይወድቅ የቆየው ብዙ ጊዜ የኢዛና ሐውልት ተብሎ ይጠራል።

ይሁን እንጂ ኢዛና አስቀርጿቸው እስከ ዛሬ ከተገኙት ጽሑፎች መካከል ስለ እነዚህ ሐውልቶች የሚናገር አንድም የለም። ስለ ዘመቻዎቹ፣ ስለ ምርኮው፣ ስላቆማቸው ምስሎችና መናብርት፣ ስላቃጠላቸው ከተሞች በዝርዝር ያስጻፈ ንጉሥ በገዛ ከተማው ስለሚገኘው ትልቁ የድንጋይ ሥራ ዝም ማለቱ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ የኢዛናን ሕይወት ከጥንታዊት አክሱም ኪነ ሕንጻ ጋር አያይዞ ይመለከታል። የሚያቀርበው ሐሳብም በኢዛና ዘመን የመጣው የእምነት ለውጥ ነገሥታቱ የሚያስገነቡትን ነገር ለወጠ እንጂ ግንበኞቹ የሚሠሩበትን ጥበብ አልለወጠም የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የእንደራሴነት ዘመን

ኢዛና በጽሑፎቹ ራሱን የእለ ዓሚዳ ልጅ ብሎ ይጠራል። ስለ ልጅነቱ የምናውቀው በአብዛኛው ሩፊኖስ የተባለው የላቲን ቋንቋ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከጻፈው ነው። በዚህ ትረካ መሠረት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት የጢሮስ ወጣቶች ከዘመዳቸው ጋር በቀይ ባሕር ሲጓዙ በወደብ ላይ አደጋ ደረሰባቸው፤ አብረዋቸው የነበሩት ሲገደሉ እነርሱ ተርፈው ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የመዛግብቱና የሒሳቡ ኃላፊ ሆኑ። ንጉሡ ሕፃን ልጅ ትቶ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ አስተዳደር እንዲያግዟት ለመነቻቸው።

ለኪነ ሕንጻ ታሪክ ከዚህ ትረካ ውስጥ አንድ ነጥብ ልዩ ክብደት አለው። ፍሬምናጦስ በእንደራሴነቱ ዘመን በአገሩ የሚነግዱትን ክርስቲያን ሮማውያን ፈልጎ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው ረድቷል። ስለዚህ በአክሱም ምድር የመጀመሪያዎቹ የክርስቲያን መሰብሰቢያዎች ንጉሣዊ ሕንጻዎች አልነበሩም፤ የነጋዴዎች መጠነኛ የጸሎት ቤቶች ነበሩ። ኢዛና ያደገው ክርስትና በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በአማካሪነት፣ በከተማውና በንግድ መንገዱ ላይ ደግሞ በእንግዶች እምነትነት በሚታወቅበት ጊዜ ነው።

ንጉሡ ሲያድግ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ሩፊኖስ ታሪኩን የሰማውም ከእርሱው አንደበት ነበር። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአገሩ ጳጳስ እንዲላክ ፓትርያርክ አትናቴዎስን ጠየቀ፤ የተሾመውም ራሱ ሆነ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምትለው ይህንኑ ሰው ነው። የአገር ውስጥ ትውፊት ክርስትናን የተቀበሉት ነገሥታት አብርሃና አጽብሓ የተባሉ ወንድማማቾች እንደሆኑ ይናገራል፤ ብዙ ጸሐፍትም እነዚህን ስሞች ከኢዛናና ከወንድሙ ከሼዓዛና ጋር ያገናኟቸዋል።

ኢዛና የወረሰው የግንባታ ጥበብ

ኢዛና ዙፋን ላይ ሲወጣ አክሱም አዲስ ከተማ አልነበረችም። ከእርሱ በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ማኒ የአክሱምን መንግሥት ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዱ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። የግንባታ ጥበቡ ደግሞ ከአክሱምም ይቀድማል። ከአክሱም በስተ ምሥራቅ በምትገኘው የሓ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ሺህ ዓመት የተሠራ ቤተ ጣዖት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ግድግዳው በጥንቃቄ ተጠርበው ያለ ማያያዣ ጭቃ በተደራረቡ ድንጋዮች የተሠራ ሲሆን አሠራሩ ከባሕር ማዶ ከሳባ ሕንጻዎች ጋር ይዛመዳል። በዚያው በየሓ የሚገኘው ግራት በዓል ገብሪ የተባለው ፍርስራሽ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል፤ ባለ ብዙ ፎቅ የነበረው ይህ ሕንጻ ድንጋይንና እንጨትን አጣምሮ የተገነባ ነው። የአክሱም ግንበኞች በስፋት ያሳደጉት ይህን ሁለተኛውን ስልት ነው።

የአክሱም ግድግዳ ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ ይሠራል። በየተወሰነ ከፍታው ርዝመቱን ተከትሎ እንጨት ይጋደምበታል፤ እነዚህን አግዳሚዎች ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ጠፍረው ይይዟቸዋል። የአጫጭሮቹ ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ስለሚታይ የዝንጀሮ ራስ የሚል ስም ተሰጥቶታል። መሠረቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳውም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወጣ ገባ እያለ ይዘልቃል። ማዕዘኖቹ፣ ደረጃዎቹና ዋና መግቢያዎቹ በተጠረበ ድንጋይ ይጠናከራሉ።

ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ጭቃ ደካማ ማያያዣ በመሆኑ ረጅምና ከፍተኛ ግድግዳ በቀላሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። አግዳሚው እንጨት ክብደትን ያከፋፍላል፤ የዝንጀሮ ራሱ ግድግዳው ወደ ጎን እንዳይከፈት ያስራል፤ ወጣ ገባነቱ ግድግዳውን ያጸናል፤ ደረጃማው መሠረት ደግሞ ክብደቱን ሰፋ ባለ መሬት ላይ ያሳርፋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቃሊቲና በአቃቂ በየመንገዱ ዳር የሚቆመው ሕንጻ በብረትና በሲሚንቶ እንደሚታሰር ሁሉ የአክሱም ሕንጻም በእንጨት ይታሰር ነበር። ቁሱ ይለያይ እንጂ የሚመለሰው ጥያቄ አንድ ነው።

በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ቡድን በአክሱም ታዕካ ማርያም፣ እንዳ ሚካኤልና እንዳ ስምዖን የተባሉትን የትላልቅ ቤቶች ፍርስራሾች ለክቶ በሥዕል አስቀምጧል። በቡድኑ ውስጥ የነበረው የሕንጻ ባለሙያ ዳንኤል ክሬንከር ያዘጋጃቸው ንድፎች ዛሬም ለጥናት መነሻ ናቸው። ከሁሉም ሰፊው ታዕካ ማርያም ሲሆን ግቢው ወደ 120 ሜትር ርዝመትና ወደ 80 ሜትር ስፋት ነበረው። አቀማመጣቸው ተመሳሳይ ነው፤ መሐል ላይ ከፍ ባለ ደረጃማ መሠረት ላይ የቆመ ዋና ቤት፣ ዙሪያውን አደባባዮችና ረጃጅም ክፍሎች አሉት። ወደ ንጉሡ የሚቀርብ ሰው ደረጃ እየወጣ፣ አደባባይ እያቋረጠ እንዲሄድ የሚያስገድድ አሠራር ነው።

ዘመቻዎችና የድል ምልክቶች

ከኢዛና ጽሑፎች በስፋት የሚታወቀው ስለ ቤጃዎች ዘመቻ የሚናገረው ነው። ጽሑፉ በግሪክኛ፣ በግእዝ በሳባ ፊደል እንዲሁም በግእዝ ያለ አናባቢ ተቀርጿል። ንጉሡ ወንድሞቹን ሼዓዛናንና ሐደፋን በሰሜን ባመፁት ቤጃዎች ላይ አዘመተ። ድል የተነሡት ስድስት አለቆች ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ከአገራቸው ተነሥተው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ከብት፣ ልብስና ቀለብም ተሰጣቸው። ኢዛና በዚህ ጽሑፍ ራሱን የጦርነት አምላክ የሆነው የማሕረም ልጅ ያደርጋል፤ በግሪክኛው ቅጂ የማሕረም ቦታ በአሬስ ተተክቷል። ለድሉ ምስጋናም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስሎች እንዳቆመ ይገልጻል።

ከእነዚህ ምስሎች አንዱም አልተገኘም። ነገር ግን የ1906ቱ ቡድን በአክሱም የአንድ ትልቅ ምስል መቆሚያ የነበረ ድንጋይ አግኝቷል። በድንጋዩ ላይ የእግሮቹ ማሳረፊያ ተቦርቡሮ ይታያል፤ የአንዱ እግር ርዝመት 92 ሳንቲ ሜትር ነው። መቆሚያው የየትኛው ንጉሥ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ባይኖርበትም፣ የአክሱም ነገሥታት ከሰው ቁመት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ምስል ያቆሙ እንደነበር ያረጋግጣል።

ሌላው የድል ምልክት መንበር ነው። በአክሱም ልዩ ልዩ ቦታዎች የድንጋይ መናብርት መሠረቶች ተሰልፈው ይገኛሉ። መንበሩ ሰው የሚቀመጥበት ብቻ አልነበረም፤ ለአምላክ የሚሰጥ ስጦታና የንጉሡ ድል የሚታወጅበት ቦታ ነበር።

ወደ ዘመነ መንግሥቱ ኋለኛ ክፍል የሚመደበው ጽሑፍ በኖባና በካሱ ላይ የተደረገውን ዘመቻ ይተርካል። የኢዛና ጦር ተከዜን ተከትሎ ወደ ናይል ሸለቆ ወረደ፤ ኖባን አሳዶ፣ ሰብሉንና ቤተ ጣዖቱን አጥፍቶ፣ ከተሞቹን አቃጠለ። እዚህ ላይ ጽሑፉ በግንብ የተሠሩትን ከተሞች በሣር ከተሠሩት ለይቶ ይመዘግባል። ንጉሡና ጸሐፊው ድል ያደረጉትን አገር የሚመዝኑት በሕንጻው ጭምር ነበር ማለት ነው። የግንብ ከተማ የተደራጀ መንግሥት ምልክት መሆኑን ያውቁ ስለነበር ማቃጠሉም ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ድል ሆኖ ታያቸው።

ታላላቆቹ ሐውልቶች

ከአክሱም ሐውልቶች ትልቁ 33 ሜትር ርዝመትና ወደ 520 ቶን የሚገመት ክብደት ያለው፣ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ሥራ ነው። አሥራ ሦስት ደርቦች ተቀርጸውበታል። ሁለተኛው ወደ 24 ሜትር ይደርሳል፤ በ1937 በፋሺስት ኢጣልያ ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 በቀድሞ ስፍራው ተተክሏል። የኢዛና ሐውልት የሚባለው ሦስተኛው ወደ 21 ሜትር ቁመት አለው።

ድንጋዩ የመጣው ከከተማው በስተ ምዕራብ በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ካለው የጎቦ ድራ ካባ ነው። በካባው ዓለት ላይ ሽብልቅ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በመስመር ተደርድረው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ጠራቢዎቹ ቀዳዳዎቹን በእኩል ርቀት ከፍተው ሽብልቅ በመምታት ዓለቱ በፈለጉት መስመር እንዲሰነጠቅ ያደርጉ ነበር።

ሐውልቶቹ ከግብፅ ሐውልቶች የሚለዩት በቅርጻቸው ነው። የግብፁ ጫፉ የሾለና በጽሑፍ የተሞላ ዓምድ ነው፤ የአክሱሙ ግን የቤት ምስል ነው። ከታች መዝጊያ ያለው በር፣ ከላይ መስኮቶች፣ በየደርቡ መካከል አግዳሚ እንጨቶች፣ ከመስኮቶቹ ግርጌና ራስጌ የዝንጀሮ ራሶች ተቀርጸውበታል። ወጣ ገባ የሚለው ግድግዳም አልተረሳም። በእንጨትና በድንጋይ ይሠራ የነበረው ቤት ከአንድ ዓለት ተጠርቦ ለሙታን ቆመ። የሚያስፈልግ ስላልሆነ እንጨቱ የለም፤ ሆኖም የእንጨቱ መልክ አለ።

ከሐውልቶቹ ሥር የመቃብር ክፍሎች አሉ። በ1990ዎቹ በዴቪድ ፊሊፕሰን የተመራው ቁፋሮ ከትልቁ ሐውልት አጠገብ አንድ መተላለፊያና በግራና በቀኝ አምስት አምስት ክፍሎች ያሉት ትልቅ መቃብር አውጥቷል። በሌላ መቃብር ውስጥ በተቃጠለ ጡብ የተሠሩ ቅስቶች ተገኝተዋል። የአክሱም ግንበኞች ጡብንና ቅስትን ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ከድንጋይና ከእንጨት ጋር መቆየታቸው ከዕውቀት ማነስ የመጣ አልነበረም።

ትልቁ ሐውልት ሲተከል ወይም ከተተከለ ጥቂት ቆይቶ ወድቆ ነፋስ ማውጫ በተባለው መቃብር ላይ እንደተሰበረ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ከርዝመቱ አንጻር በመሬት ውስጥ የሚቀበረው ክፍል አነስተኛ ነበር። ከእርሱ በኋላ በዚያ መጠን የተሠራ ሐውልት የለም። የሐውልቶቹ ዘመን ማብቂያ ከኢዛና ዘመን ጋር መቀራረቡ ሁለት ምክንያቶችን በአንድ ጊዜ እንድናስብ ያደርገናል። አንደኛው የሥራው ወሰን ነው፤ ጠራቢዎቹ ሊጠርቡት የቻሉትን ድንጋይ ተካዮቹ ሊያቆሙት አልቻሉም። ሁለተኛው የእምነት ለውጥ ነው፤ ክርስቲያን ንጉሥ ለሙታን ቤት የሚሆን ሐውልት ከማቆም ይልቅ ለሕያዋን የጸሎት ቤት ማቆም ነበረበት። የኢዛና ዝምታም በዚህ መልኩ ሊታይ ይችላል። ሐውልቱ የቀደሙት ነገሥታት የመቃብር ሥርዓት ነበር፤ የእርሱ መታሰቢያ ግን ጽሑፉና መንበሩ ሆነ።

አዲሱ እምነት በድንጋይና በወርቅ

የኢዛና የእምነት ለውጥ በሁለት ዓይነት ቁሶች ላይ ይታያል። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ቀደም ያሉት ገንዘቦቹ የጨረቃና የክበብ ምልክት አላቸው፤ የኋለኞቹ በዚያው ቦታ መስቀል ይዘዋል። ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። በቀደሙት ጽሑፎች ማሕረም፣ ዐስተር፣ ብሔርና ምድር ይጠራሉ። ስለ ኖባ ዘመቻ በሚናገረው የግእዝ ጽሑፍ ድሉ የሰማይ ጌታ ስጦታ ሆኗል፤ በግሪክኛ በተቀረጸው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ንጉሡ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ያለውን እምነት በግልጽ ያውጃል። የኖባው ጽሑፍ ከአናባቢ ጋር በተጻፈ ግእዝ መቀረጹም የዛሬው ፊደል ሥርዓት በዚያ ዘመን መልክ መያዙን ያሳያል።

ያልተለወጠው ነገርም እኩል ትኩረት ይሻል። ኢዛና በክርስቲያናዊ ጽሑፉም መንበር እንዳቆመ ይናገራል። የወርቅና የነሐስ ምስሎች ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ መንበሩ ግን ቀርቷል፤ ከማሕረም ወደ ሰማይ ጌታ ተላልፏል። ንጉሡ ልማዱን አላፈረሰም፤ ለማን እንደሚቀርብ ለወጠ።

ይህ ለውጥ ከአገር ውጭም ተሰምቷል። የሮም ንጉሥ ቆንስታንጥዮስ 2ኛ በ356 አካባቢ ለኢዛናና ለሼዓዛና በላከው ደብዳቤ ፍሬምናጦስ ትምህርቱን ለመመርመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠየቀ። ዓላማው የአክሱምን ቤተ ክርስቲያን ከአትናቴዎስ ለይቶ ለአርዮሳውያን ወገን ማስገዛት ነበር። የደብዳቤው ቅጂ ሊተርፍ የቻለው አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው ነው። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ከአትናቴዎስ መንበር ጋር ያላት ግንኙነት ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ መቆየቱ ጥያቄው ፍሬ እንዳላፈራ ያመለክታል።

በኪነ ሕንጻ ረገድ ትውፊት የአክሱም ጽዮን ማርያምን የመጀመሪያ ሕንጻ ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ያ ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ፈርሶ በ17ኛው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ሌላ ታንጿል። አዲሱ ሕንጻ የቆመው ግን በጥንታዊው ደረጃማ መሠረት ላይ ነው፤ መሠረቱም ከቤተ መንግሥቶቹ መሠረት ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አለው። በ2019 ይፋ የተደረገው በየሓ አቅራቢያ የሚገኘው የቤተ ሰማዕቲ ቁፋሮም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አሳይቷል። ክርስትና በዚያ ክፍለ ዘመን ከዋና ከተማው ውጭም ሕንጻ አቁሞ ነበር።

ከኢዛና በኋላ

የኢዛናን ስም የያዘ መቃብር አልተገኘም። ቤተ ክርስቲያን አብርሃና አጽብሓን በየዓመቱ ጥቅምት 4 ቀን ታስባቸዋለች፤ በትግራይ በውቅሮ አቅራቢያ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም በስማቸው ይጠራል። በውስጡ አግዳሚ እንጨትንና የዝንጀሮ ራስን የሚመስሉ ቅርጾች ይታያሉ።

የግንባታ ጥበቡ ከከተማዋ ዕድሜ በላይ ኖሯል። በደብረ ዳሞ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከነአግዳሚውና ከነዝንጀሮ ራሱ ቆሟል። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው ዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የሚታዩበት ነው። በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ደግሞ ከዓለት ቢፈለፈልም ግድግዳው እንደ አክሱም ቤት ወጣ ገባ ይላል። ሐውልት ጠራቢዎቹ ያደረጉትን የላሊበላ ጠራቢዎች ደገሙት፤ በእንጨት የተገኘውን መልክ በዓለት ላይ አተሙት። ቤተ ክርስቲያንን ከዓለት የመፈልፈሉ ልማድ እስከ ሸዋ ደርሶ በአዲስ አበባ በየካ ዋሻ ሚካኤል፣ ከቃሊቲ በስተ ደቡብ ምዕራብም በአዳዲ ማርያም ይገኛል።

መደምደሚያ

የኢዛና ሕይወት ሲነገር የእምነት ለውጡ ብዙ ጊዜ እንደ መቆረጫ ይቀርባል፤ ከእርሱ በፊት ያለው ሁሉ አረማዊ፣ ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ ክርስቲያናዊ ይሆናል። የሕንጻዎቹ ምስክርነት ይህን አከፋፈል አያጸናም። ምስሎቹ ቀሩ፣ ታላላቆቹ ሐውልቶች ቆሙ የሚባልበት ዘመን አበቃ፤ ደረጃማው መሠረት፣ ወጣ ገባው ግድግዳ፣ አግዳሚው እንጨትና መንበሩ ግን ወደ አዲሱ እምነት ተሻገሩ። ለቤተ መንግሥትና ለመቃብር የሠራው እጅ ለቤተ ክርስቲያንም ሠርቷል።

ይህን መገንዘብ ለቅርስ ጥበቃም ትርጉም አለው። አንድን ሐውልት የኢዛና ብሎ መጥራት ለማስታወስ ይመቻል፤ ነገር ግን ስማቸው ያልተጻፈውን ጠራቢዎችና ግንበኞች ይሸፍናል። ንጉሡ ዘመቻውን፣ አምላኩንና መንበሩን አስጽፎ አልፏል። የግንበኞቹ ማስረጃ በራሱ በግድግዳው ውስጥ ነው፤ በፍርስራሹ ውስጥ ከቀረው የጭቃና የድንጋይ ንብብርና ከበሰበሰው እንጨት ባዶ ቦታ ላይ ይነበባል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታዕካ ማርያም ፍርስራሽ ላይ መንገድ ሲያልፍ የጠፋው ይህ ዓይነቱ ማስረጃ ነው። ሐውልት ቢወድቅ ይነሣል፤ ከሮም የተመለሰውም ተተክሏል። የተበተነ ግድግዳ ግን እንዴት እንደተሠራ የሚናገረውን ይዞ ይጠፋልና ለፍርስራሾቹ የሚሰጠው ጥበቃ ለሐውልቶቹ ከሚሰጠው ሊያንስ አይገባም።